ቱርቦ ወይስ ሱፐርቻርጀር? ጎንደር ላይ ለሚሠራ 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር፣ ከምርጫ እስከ ዳገት ሙከራ

ቱርቦ (በሞተሩ ጭስ እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የተገጠመለት 1ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር ቶሎ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ በቱርቦው ጥፋት አይደለም፤ ቱርቦው በገባ ማግስት የናፍጣ ፓምፑ ብሎን ስለሚነካ ነው። «አሁንማ ጉልበት ይጨመርለት» ይባልና ናፍጣ ይለቀቅለታል። መኪናው ለጊዜው ይበራል። ከዚያ ሙሉ ጭኖ ከጎንደር በስተ ሰሜን ያለውን የኮሶዬን ዳገት ሲወጣ ፒስተን ይቀልጣል፣ ወይም ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው) ይሰነጠቃል። የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ሥሩ፤ ደረጃ 1ን እና ደረጃ 6ን በተለይ አትዝለሉ።

መመሪያው የሚመለከተው ከፋብሪካ ያለ ቱርቦ የወጣውን፣ ባለ 4.2 ሊትርና ባለ ስድስት ሲሊንደር 1ኤችዜድ ብቻ ነው። ወንድሙ 1ኤችዲ-ቲ ሌላ ሞተር ነው። እሱ ቱርቦ ታስቦለት የተሠራ ነው፤ ፒስተኑን ከሥር ዘይት እየረጨ ያቀዘቅዛል፣ የመጭመቂያ ምጣኔውም 18.6 ለ 1 ነው። የእናንተው 22.4 ለ 1 ይጨምቃል፣ ናፍጣውን ቴስታታ ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው የሚያቀጣጥለው፣ ፒስተን ላይ ዘይት የሚረጭም የለውም። አንዱ የሚችለውን ግፊትና ሙቀት ሌላው አይችልም።

ሥራው ሁሉ የሚመሠረትበት ሒሳብ

ባሕር ወለል ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 78 ብቻ ታገኛላችሁ። ደባርቅ ወደ 71 ይወርዳል፤ መተማ ቆላ ደግሞ ወደ 93 ይወጣል። ፓምፑ ግን ከፍታ ማስተካከያ ከሌለው የሚሰጠው ናፍጣ ያው ነው። ስለዚህ ጎንደር ላይ ሞተራችሁ የጎደለው አየር እንጂ ናፍጣ አይደለም። ዳገት ላይ የሚወጣው ጥቁር ጭስም አየር አጥቶ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ቱርቦ የሚጨምረው የመጀመሪያው 0.23 ባር ግፊት (የጎደለው 23 ኪሎፓስካል) የሚያደርገው ነገር ቢኖር መኪናውን ወደ ባሕር ወለል ጉልበቱ መመለስ ነው፤ ለዚህ አንዲት ጠብታ ናፍጣ መጨመር አያስፈልግም።

## ደረጃ 1፦ ሞተሩ ይችላል ወይ?

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። ከሚከተሉት አንዱ ከወደቀ ጥገናው ይቅደም፤ ደካማ ሞተር በቱርቦ አይድንም።

1. የጭመቃ መለኪያ። ሞተሩን አሙቁ፣ ስድስቱንም ማሞቂያ ካንዴላዎች ፍቱ፣ የፓምፑን የናፍጣ መዝጊያ ሽቦ ንቀሉ። ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ በሞተሪኖ እያዞራችሁ ለኩ። ልዩነታቸው ከ5 ባር በላይ ከሆነ አቁሙ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በቴክኒክ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተለካ ነው። ጎንደር ላይ ጤነኛ ሞተርም 20 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ብላችሁ ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት ስድስቱን እርስ በርስ አወዳድሩ።

2. ትንፋሽ። ሞተሩ በሚኒሞ (ፔዳል ሳይነካ) እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትታችሁ ገልብጣችሁ እዚያው ላይ አስቀምጡት። በመጠኑ ከተንቀጠቀጠ ደህና ነው። እየዘለለ ከወደቀና ጭስ ያለማቋረጥ ከወጣ ፋሻ አልቋል።

3. ውሃ። ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ አስነሡ። አረፋ እያከታተለ ከወጣ ጓርኒሲዮኑ (የቴስታታው ማሸጊያ) ወይም ቴስታታው ተነክቷል። ክዳኑንም ፈትሹት፦ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ ያለ ግፊት በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ቱርቦ ሳይገባም መኪናው ይፈላል።

4. ኖዝል (ናፍጣውን የሚረጨው)። ስድስቱንም አስፈትሹ። የሚያንጠባጥብ አንድ ኖዝል ካለ የሚቀልጠው የዚያው ሲሊንደር ፒስተን ነው።

5. ቫልቭ ክፍተት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ የአየር ማስገቢያው 0.15–0.25 ሚ.ሜ፣ የጭስ ማስወጫው 0.35–0.45 ሚ.ሜ። የጭሱ ከጠበበ ቫልቩ ይቃጠላል፤ በቱርቦ ደግሞ ቶሎ ይቃጠላል።

6. ፍሪሲዮን። በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ስትረግጡ የሞተሩ ዙር ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ ቀይሩት።

## ደረጃ 2፦ ምረጡ

ሱፐርቻርጀር በቺንጋ ከሞተሩ እየተነዳ አየር ይገፋል። ፔዳል ሲነካ ወዲያው ይመልሳል፤ የጭስ ሙቀትም አይነካውም። ለዚህ ሥራ ግን ሁለት ጉድለት አለበት።

አንደኛው ከፍታ ነው። የፑሊው መጠን አንዴ ከተወሰነ የሚያባዛው በቋሚ ምጣኔ ነው። ባሕር ወለል ላይ 0.5 ባር የሚሰጥ ሱፐርቻርጀር ያገኘውን አየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ያበዛል። ጎንደር ላይ 78 ሲበዛ 117 ይሆናል፤ ጌጁ ከውጭ አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሚያነብ 0.39 ባር ያሳያል። ደባርቅ ስትደርሱ ከዚያም ይቀንሳል። ቱርቦ ግን የጭስ መልቀቂያ በሩ (ትርፍ ጭስ የሚያሳልፈው) የሚከፈተው ከውጭ አየር በላይ ባለው ግፊት ስለሆነ ከፍታ ሲጨምር ራሱ ፈጥኖ እየዞረ 0.5ን ለመያዝ ይሞክራል፦ 78 ሲደመር 50፣ 128።

ሁለተኛው የሚበላው ጉልበት ነው። 4.2 ሊትር ሞተር በከፍተኛ ዙር ላይ ሱፐርቻርጀሩን ለማዞር ብቻ ከ10 ፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣል። ከአየር እጥረት የተነሣ ጉልበቱ ለጎደለ ሞተር ይህ ቀላል አይደለም።

በዚህ ላይ ለ1ኤችዜድ የሚሆን ቅንፍና ፑሊ እዚህ ቶርኖ ቤት ማሠራት ቢቻልም፣ ቺንጋው ደጋግሞ ሲበጠስ መለዋወጫውን ከየት ታመጣላችሁ? ለዚህ መኪና ቱርቦ ምረጡ። ሱፐርቻርጀር ትርጉም የሚኖረው ለትንሽ ቤንዚን ሞተር፣ ከተማ ውስጥ ለሚቆምና ለሚነሣ መኪና ነው።

ስለ ማዝዳ ሮታሪ የስፖርት መኪናዎች በቪዲዮ የሚሰጠውን ምክር ወደዚህ አታምጡ። እዚያ አደጋው ነዳጅ ሲበዛ ሳይሆን ቤንዚን ሲያንስ ነው፦ አየር በዝቶ ቤንዚን ካነሰ ሞተሩ ይመታል፣ የሮተሩ ጫፍ ማተሚያም ይሰበራል። ስለዚህ «ግፊት ከጨመርክ ነዳጅ ጨምር» ይላሉ፤ ለነሱ ልክ ናቸው። ናፍጣ ሞተር ተቃራኒ ነው። ናፍጣው አንሶ አየሩ ሲበዛ ይቀዘቅዛል፤ የሚያጠፋው የናፍጣ መብዛት ነው።

## ደረጃ 3፦ ዕቃ ግዙ

- ቱርቦ። ከ3.5 እስከ 4.5 ሊትር ካለው ናፍጣ ሞተር የመጣ ይሁን። ከ2.5 ሊትር ሞተር የወጣ ትንሽ ቱርቦ ቶሎ ይነሣል፤ ነገር ግን ከፍ ባለ ዙር ጭሱን አንቆ ሙቀት ያከማቻል። ከከባድ መኪና የወጣ ትልቅ ቱርቦ ደግሞ እስከ 2,500 ዙር ድረስ አይነቃም፤ ዳገት ላይ የምትፈልጉት ከዚያ በታች ነው።
- የጭስ ማኒፎልድ። ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ጓርኒሲዮን ይዛችሁ ሂዱና ደርቡት። ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ ከሶማሌ ተራ የምታስመጡ ከሆነ ጓርኒሲዮኑን በካርቶን ላይ በእርሳስ አንሥታችሁ ላኩ። «የላንድክሩዘር ነው» የሚለው ቃል ብቻ በቂ አይደለም።
- ሁለት ጌጅ። አንድ የግፊት፣ አንድ የጭስ ሙቀት። የጭስ ሙቀት ጌጅ ካልገዛችሁ ቱርቦውንም አትግዙ።
- የዘይት መስመር። መላኪያው ብረት ወይም በብረት ሽቦ የተሸመነ ቴፍሎን። የናፍጣ ጎማ ቱቦ አይሆንም፤ ይቀልጥና መኪና ያቃጥላል። መመለሻው የውስጥ ስፋቱ ቢያንስ 16 ሚ.ሜ።
- ጭስ ቱቦ። ከቱርቦው እስከ ኋላ ከ63 እስከ 76 ሚ.ሜ። በድሮው ጠባብ ቱቦና ማርሚታ ላይ መቀጠል ሥራውን ገደል መክተት ነው።

ያገለገለ ቱርቦ ሲፈተሽ። የመሐል ዘንጉን በጣት ይዛችሁ ወደ ጎን አወዛውዙ፤ ጥቂት መላወስ አለ፣ ዘይት ሲሞላ ይጠፋል። ክንፉ ግን ቤቱን መንካት የለበትም። ቀጥሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉና ሳቡ፤ በጣት የሚታወቅ መላወስ ካለ ተዉት። የክንፎቹን ጫፍ በባትሪ ብርሃን እዩ፤ አንዱ እንኳ ከታጠፈ ወይም ከተሸረፈ አይገዛም።

የመልቀቂያ በሩን መክፈቻ ፈትሹ። መለኪያ ያለው የብስክሌት መንፊያ ከመክፈቻው ቱቦ ጋር አያይዙና ቀስ እያላችሁ ንፉ። ዘንጓ ከ0.4 እስከ 0.5 ባር መካከል መንቀሳቀስ መጀመር አለባት። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰች ወይ ሽፋኑ ተቀዷል፣ ወይ በሩ በዝገት ተጣብቋል። እንዲህ ዓይነቱን ቱርቦ ከገጠማችሁ ግፊቱ ማቆሚያ የለውም።

## ደረጃ 4፦ ገጠማ

1. የማኒፎልዱን ዳዶዎች ከዋዜማው ጀምራችሁ በዝገት ማላቀቂያ አርሷቸው። ቴስታታ ውስጥ የተሰበረ ብሎን አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል።

2. አዲሱን ማኒፎልድ ቀጥ ያለ ብረት ደርባችሁ ፈትሹ። ከ0.3 ሚ.ሜ በላይ ብርሃን ካሳየ ቶርኖ ቤት ይላጭ።

3. የጭስ ሙቀት መለኪያውን ቀዳዳ ማኒፎልዱ መኪናው ላይ ሳይወጣ ብሱ። ቦታው የስድስቱ ጭስ ተገናኝቶ ወደ ቱርቦው ሊገባ ሲል ነው። የመሰርሰሪያውን ጫፍ ግራሶ ቀቡት፣ ብናኙን ይይዛል። ከዚያ ማኒፎልዱን አጥባችሁ በአየር ንፉ። ውስጥ የቀረች አንዲት የብረት ፍርፋሪ በመጀመሪያው ማስነሣት ክንፉን ትሰብራለች። መለኪያውን ከቱርቦው በኋላ የሚያደርጉ አሉ፤ እዚያ ንባቡ ጭነት ላይ ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ዝቅ ይላል፣ ፒስተኑ እየቀለጠ «ደህና ነው» ይላችኋል።

4. የዘይት መመለሻውን ሥሩ። የሞተሩን የዘይት ኮፓ አውርዱ፣ አጥቡ፣ ከዘይት መጠኑ በላይ ባለ ቦታ ላይ ብሱና አፍ አስበይዱ። ኮፓው መኪናው ላይ እያለ አትብሱ፤ አትበይዱ። ብየዳውን ውሃ ሞልታችሁ ፈትሹ። ኮፓው ወርዶ እያለ የዘይት መሳቢያውን ወንፊትም አጽዱ፤ ጥላሸት ተጣብቆበት ታገኙ ይሆናል።

5. የቱርቦውን የመሐል አካል ብሎኖች አላልታችሁ አዙሩት፦ የዘይት መግቢያው ወደ ላይ፣ መውጫው ወደ ታች። ከቀጥታ ከ20 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ ዘይቱ አይወርድም። መመለሻ ቱቦው ከላይ እስከ ታች ያለማቋረጥ ይውረድ፤ አንድ ቦታ እንኳ ወደ ላይ ከታጠፈ ዘይት ተጠራቅሞ በማተሚያው በኩል ይወጣል።

6. መላኪያውን ከዘይት ግፊት መብራት ሴንሰር ሥር በቲ መገናኛ አውጡ። ሴንሰሩን መልሱት።

7. በዘይት መግቢያና መውጫው ላይ ሲሊኮን አትቀቡ፤ ጓርኒሲዮን ብቻ። ተርፎ ወደ ውስጥ የወጣው ሲሊኮን ይላቀቅና ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ቱርቦው በደቂቃዎች ይደርቃል።

8. በፍሬን ቱቦ፣ በናፍጣ ቱቦና በሽቦ አጠገብ የሚያልፈውን የጭስ ቱቦ በሙቀት መከላከያ ሸፍኑ።

9. ዘይትና የዘይት ፊልትሮ አዲስ፣ የአየር ፊልትሮም አዲስ። ከፊልትሮው እስከ ቱርቦው ያለውን ቱቦ እያንዳንዱን ክላምፕ እጃችሁን አስገብታችሁ ፈትሹ። በጋ ላይ ከገጠር መንገድ የሚገባ አቧራ የአየር መግቢያውን ክንፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

## ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ማስነሣት

1. በዘይት መግቢያው 100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የሞተር ዘይት አፍሱ፤ ዘንጉን በእጅ እያዞራችሁ።
2. የናፍጣ መዝጊያውን ሽቦ ንቀሉ፤ ሞተሩ እንዳይነሣ።
3. የመመለሻ ቱቦውን ታችኛ ጫፍ ፈትታችሁ ጣሳ ውስጥ አድርጉ። ሞተሪኖውን 10 ሰከንድ አዙሩ፣ 30 ሰከንድ አሳርፉ። የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ እና ጣሳው ውስጥ ዘይት እስኪወርድ ደጋግሙ። መብራቱ ጠፍቶ ዘይት ካልወረደ መስመሩ ተዘግቷል፤ አታስነሡ።
4. ቱቦውን መልሱ፣ ሽቦውን ሰኩ፣ አስነሡ። 5 ደቂቃ በሚኒሞ። ፔዳል አትንኩ።

ተጠንቀቁ። ቱርቦው ዘይት ወደ አየር መስመሩ ካፈሰሰ ናፍጣ ሞተር በዘይቱ ብቻ ራሱን እየነዳ ዙሩ ሊወጣ ይችላል፤ ቁልፍ መዝጋት አያቆመውም። የአየር መግቢያውን የሚደፍን ጠፍጣፋ ጣውላ አጠገባችሁ ይኑር። በእጅ ወይም በጨርቅ አትድፈኑ፤ ይስባል። ጣውላው ካልደረሰ ፍሬን ሙሉ ረግጣችሁ፣ አራተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ።

## ደረጃ 6፦ ሙከራና ናፍጣ ማስተካከል

የፓምፑን ብሎን አትንኩ። ገና አሁንም አትንኩ።

ሀ. ሜዳ ላይ። ከአዘዞ ወደ ማክሰኚት ባለው መንገድ ባዶ መኪና ንዱ። በአራተኛ ማርሽ ሙሉ ስትረግጡ ግፊቱ 0.5 ባር ላይ መቆም አለበት። ከ0.6 ካለፈ መልሳችሁ የመልቀቂያ በሩን አስተካክሉ። ጥቁር ጭሱም በግልጽ መቀነስ አለበት።

ለ. ዳገት ላይ። ጭናችሁ ወደ ኮሶዬ ውጡ። ዓይናችሁ የጭስ ሙቀቱ ላይ ይሁን፦

- እስከ 600 ዲግሪ፦ የፈለጋችሁትን ያህል ንዱ።
- ከ600 እስከ 680፦ ለአጭር ዳገት ይሆናል።
- 700፦ ፔዳሉን ወዲያው ልቀቁ፣ ማርሽ ቀንሱ። በዝቅተኛ ማርሽ የሞተሩ ዙር ሲጨምር አየሩ ይጨምራል፣ ሙቀቱ ይወርዳል። በከፍተኛ ማርሽ እየተንገዳገዱ መውጣት ነው ሞተር የሚያቃጥለው።

ናፍጣ ሳይጨመር 700 ከደረሰ በፊት የተነካ ፓምፕ ነው ያላችሁ፤ ብሎኑ ይቀነስ።

ሐ. ጭማሪ ካስፈለገ። ጭስ ከሌለና ሙሉ ዳገት ላይ ሙቀቱ ከ600 ካላለፈ ብቻ። የብሎኑን የመጀመሪያ ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ። ከፓምፑ ጀርባ ያለውን የናፍጣ ብሎን ወደ ቀኝ አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ አዙሩ፣ ቆልፉ፣ ከፍ ያለውን ሚኒሞ መልሱ፣ ያንኑ ዳገት ድገሙ። አንዳንድ ፓምፕ የከፍታ ማስተካከያ አለው፤ የቱርቦ ግፊት ቱቦ እሱ ላይ አታስገቡ። የፓምፑን ታይሚንግም አታስቀድሙ።

መ. የት ነው የሚስተካከለው? መኪናው በሚሠራበት ከፍተኛ ቦታ። ሰሜን ተራሮች የሚወጣ መኪና ደባርቅ ላይ ይስተካከል። መተማ ላይ አየር በጠገበበት የተስተካከለ ፓምፕ ነጋዴ ባሕርን አልፎ ወደ አይከል ሲወጣ ያጨሳል፣ እዚያ ሳይደርስ ሙቀቱ 700 ያልፋል። ደጋ ላይ የተስተካከለው ግን ቆላ ሲወርድ ናፍጣው አንሶት ቀዝቅዞ ይሠራል፤ ያ አይጎዳም።

## ችግር ሲገጥም

ግፊት የለም፣ ጥቁር ጭስ አለ። ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያለውን ቱቦ የሳሙና ውሃ ቀብታችሁ ሰው ፔዳል ይንካላችሁ፤ የሚያፈስበት ቦታ አረፋ ያወጣል። ካልተገኘ የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን እዩ፦ ዙሪያው ጥላሸት ከቀባ ጭሱ ወደ ቱርቦው ሳይደርስ እያመለጠ ነው።

ሰማያዊ ጭስ በሚኒሞ። ቱርቦው ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ መመለሻ ቱቦው ተጣምሞ እንደሆነ፣ ቀጥሎ የሞተሩ መተንፈሻ ተዘግቶ እንደሆነ ፈትሹ። ሞተሩ ውስጥ ግፊት ከተጠራቀመ አዲስ ቱርቦም ዘይት ያወጣል።

ፔዳል ሲለቀቅ የሚቆራረጥ ድምፅ። የአየር ፊልትሮው ተዘግቷል፣ ወይም ቱርቦው ለሞተሩ ትልቅ ነው።

ግፊቱ ከቀን ወደ ቀን ከፍ እያለ ነው። የመልቀቂያ በሩ እየተጣበቀ ነው። ነቅላችሁ አጽዱ፤ ዘንጓን በማሳጠር አታስተካክሉ። ከፍታ ላይ ቱርቦው ቀድሞውኑ ከቆላው ይበልጥ ይፈጥናል፤ ተጨማሪ ግፊት ሲጫንበት ዘንጉ ይበጠሳል።

ውሃ ከራዲያተር እየገፋ ይወጣል፣ ሙቀቱ ግን ልክ ነው። ቴስታታ። መኪናውን አቁሙና የደረጃ 1ን የአረፋ ፈተና ድገሙ።

## ከዚያ በኋላ

የዘይት ለውጥ በየ5,000 ኪሎ ሜትር፣ 15 ደብሊው 40 ሲአይ-4 ወይም ከዚያ በላይ። ከጀሪካን ናፍጣ የምትሞሉ ከሆነ የናፍጣ ፊልትሮውን ውሃ በየሳምንቱ አፍሱ። ከዳገት በኋላ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ የጭስ ሙቀት ጌጁ ከ300 እስኪወርድ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል፣ በሚኒሞ ይሥራ። ወዲያው ከጠፋ ዘንጉ ላይ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል፣ ብሮንዚኑን (ዘንጉ የሚዞርበትን መደገፊያ) ይበላል። የማኒፎልዱን ዳዶዎች ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ ከመሐል ወደ ዳር እያላችሁ ደግማችሁ አጥብቁ።